ሽቅብ የቆመችው ቦቴ

ውሃን ለሕዝብ ማድረስ ቀላል ነገር ነው፤ ዝናብም ያደርሰዋል። ውሃን በራዕይ ማድረስ ግን ለሁሉም አልተሰጠም። ይህ ታሪክ ያ ጸጋ የተትረፈረፈለትን የአንድ የውሃ ጽሕፈት ቤት ታላቅ ሥራ የሚዘክር ስለሆነ፣ አንባቢው በሚገባው አክብሮት፣ ከተቻለም ባርኔጣውን አውልቆ እንዲያነበው በትሕትና ይጠየቃል።

ጽሕፈት ቤቱ አሥራ አንድ የሥራ ክፍሎች፣ አርባ ሦስት ሠራተኞች፣ ሁለት የፎቶ ኮፒ ማሽኖችና አንዲት የውሃ ቦቴ ነበሩት። ቦቴዋ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ቀለሟ አንድ ዘመን ሰማያዊ የነበረ፣ ናፍጣ እየጠጣች ያረጀች መኪና ስትሆን የሠራተኛውን ግማሽ በዕድሜ ትበልጠው ነበር። ሹፌሯ «አክስቴ» ይላታል። እሱን ደግሞ ግቢው በሙሉ «ጋሼ ዝግታ» ይለዋል፤ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቱ በሰዓት ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ያየው ሰው የለም። አክስቴና ጋሼ ዝግታ በየሁለት ቀኑ ስምንት ሺህ ሊትር ውሃ ይዘው ቁልቁለቱን ይወርዱና ቧንቧ ላልደረሰው ለታችኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። የጋሼ ዝግታ ልጅ እዚያው አዋላጅ ነርስ ናት። አባት ያመጣውን ውሃ ልጅ ተቀብላ እጇን ትታጠብበታለች፣ እናቶችን ታጥብበታለች፣ አዲስ የመጣ ሕፃን ታለቀልቅበታለች። እንግዲህ ይህ ራዕይ ባልነበረበት ዘመን የነበረ ኋላ ቀር አሠራር ነው።

ራዕይ የመጣው የእቅድ ባለሙያው ከአንድ ሳምንት ሥልጠና የተመለሰ ዕለት ነው። ቦቴዋ ሜዳው ላይ ግድግዳ እያየች እንደምትቆም አስተዋለ። ከሱ በፊት አርባ ሁለት ሰው በየቀኑ አይቶ ምንም ያልተሰማውን ነገር እሱ አይቶ እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «መኪናችን ግድግዳ እያየች የምታድር ከሆነ፣ እኛስ ምን እያየን ነው የምናድረው?» ሲል ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በሁለት ወር ውስጥ ግቢው መሃል ላይ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ ዳገት ቆመ። ስሙም «የከፍታ መድረክ» ተባለ። ከእንግዲህ ቦቴዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ልትቆም፣ ለሥራ ስትወጣም መድረኩን ሽቅብ ጨርሳ በወዲያኛው በኩል በዋናው በር ልትወጣ ተወሰነ። የመድረኩ መመሪያ አንቀጽ አራት በቀይ ቀለም ተጽፎ በሰሌዳ ተሰቀለ፦ «ከከፍታ ወደ ኋላ መመለስ በፍጹም የተከለከለ ነው።»

ምርቃቱ ቅዳሜ ነበር። አክስቴ ውሃዋን ጢም አድርጋ ሞልታ ሽቅብ ወጣች፤ ጋሼ ዝግታ የእጅ ፍሬኗን ስቦ ከጎማዎቿ ሥር ታኮ አስገባ። ሥራ አስኪያጁ ሃምሳ ደቂቃ ተናገሩ። «ይህች ከዛሬ ጀምሮ ቦቴ አይደለችም፤ አቅጣጫ ናት!» አሉ። ታችኛው ሰፈር የተዳረችው የበኩር ልጃቸው በሚቀጥለው ወር ስለምትወልድላቸው የመጀመሪያ የልጅ ልጅም አነሡና፣ ይህ ትውልድ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ የማያውቅ ትውልድ እንደሚሆን ቃል ገቡ። ተጨበጨበ። ጋሼ ዝግታም አጨበጨበ፤ ልቡ ግን የናፍጣው መለኪያ ላይ ነበር። በቁጠባ መመሪያው መሠረት የአክስቴ ነዳጅ ከሩብ አልፎ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ግርግርግርግር አለ፤ ሞተሯ ግን አልያዘም። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ግርግርግርግር። ወረደና ወደ ጭስ ማውጫዋ ሄደ፤ ጥቁርም ነጭም ጭስ የለም። ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ከሥሯ ገብቶ የነዳጅ መያዣዋን በጣቱ ጀርባ አንኳኳ። ከፊት በኩል ባዶ ድምፅ ሰጠው፤ ከኋላ በኩል የሞላ። «በቃ አወቅሁሽ» አላትና ልብሱን አራግፎ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። የእቅድ ባለሙያው ቀድሞት ተቀምጧል።

«ምን ሆነች?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም አልሆነችም ጌታዬ። ናፍጣዋ ሩብ ነው። ሽቅብ ስትቆም ናፍጣው ወደ ኋላዋ ሸሸ፤ የሚመጥጠው ቱቦ ደግሞ ያለው ከፊት ነው። በናፍጣ ፈንታ አየር ሳበች።»

«መፍትሔውስ?»

«ስድስት እርምጃ ላንሸራትታትና ሜዳው ላይ አየሩን በእጅ ፓምፕ ላስወጣላት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።»

«ወዴት ነው የሚያንሸራትቷት?» አለ የእቅድ ባለሙያው።

«ወደ ኋላ ነዋ።»

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ጋሼ» አሉት፣ «አንተ የዚህ ቤት አንጋፋ ነህ። ይህን ቃል እንዳልሰማሁት ልቁጠረው።»

«እሺ፣ ካልሆነ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ይሰጠኝና ልሙላላት። ያኔ እንደቆመችም ታገኘዋለች።»

«ነዳጅ የሚሰጠው ለተኬደ ኪሎ ሜትር ነው» አለ የእቅድ ባለሙያው። «ከቅዳሜ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዱ?»

«አልተነሣችም እያልኩህ!»

«እንግዲያው በምን መነሻ ልስጥዎት?»

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሥልጠና መግባት ያስፈልጋል፤ ጋሼ ዝግታ ደግሞ ያለው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ግን በችግር ፊት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አልነበረም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ «የተሽከርካሪ ያለመነሣት ምክንያት አጣሪ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው የእቅድ ባለሙያው፣ የበላይ ጠባቂው ሥራ አስኪያጁ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ጸሐፊያቸው ሆኑ። የግቢው መካኒክ አባል ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሰውየው የሚኖረው በብልሽት ስለሆነ ገለልተኛ ሊሆን አይችልም ተብሎ ውድቅ ተደረገ። ኮሚቴው ጉዳዩን በቅርብ ለመከታተል ጠረጴዛና ወንበሩን አስወጥቶ ከመድረኩ ግርጌ፣ ከአክስቴ ጅራት ኋላ፣ ሜዳው ላይ ተሰየመ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ቦቴዋ አለመነሣቷ በአካል ይረጋገጥ የሚል ነበር።

«ያስነሡልን» አለ ሰብሳቢው።

ግርግርግርግር።

«አልተነሣችም። ይጻፍ። ለእርግጠኝነት ይድገሙት።»

ግርግርግርግር።

«ሦስተኛ፣ ለቃለ ጉባኤው ሙላት።»

«ባትሪዋ ይደክማል እኮ!» አለ ጋሼ ዝግታ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«ኮሚቴው በባትሪ አይመራም» አለ ሰብሳቢው፤ ይህም ተጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ ምነው ዛሬ ቀራችሁ? በርሜሎቹ ግማሽ ላይ ናቸው።»

«አክስትሽ ትንሽ አሟት ነው፤ ነገ እንመጣለን» አላት። ዋሽቶ ስለማያውቅ ጆሮው ጋለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ሌሊቱን ያዘጋጀውን ባለ አሥራ ስምንት ገጽ ጥናት አቀረበ። የጥናቱ ግኝት ቦቴዋ ናፍጣ ሳይሆን የመነሣት ባህል ያነሳት መሆኑ ነው። ለረጅም ዘመን ግድግዳ እያየች በመቆሟ ከፍታን ለመቀበል ዝግጁ አልሆነችም፤ ስለዚህ ከመካኒክ በፊት ግንዛቤ ያስፈልጋታል። የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ጋሼ ዝግታ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እንዲከታተል ተደረገ፤ ሁለት ሠልጣኞች ስለነበሩ ሁለት ጊዜ ፈረመ፣ አንዱን ስለ ራሱ፣ አንዱን ስለ አክስቴ። በሥልጠናው ማጠቃለያ ለውጡን ለመለካት ሦስት ጊዜ አስነሣ ተባለ። ድምፁ ከትናንቱ ቀጥኗል። ጋሼ ዝግታ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ፤ ባትሪው ሲያልቅ የሱም ነገር አብሮ የሚያልቅ መሰለው።

ወርዶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። «ጌታዬ፣ ጤና ጣቢያው ውሃ እያለቀበት ነው። እዚያ ሴቶች ይወልዳሉ። ውሃው ደግሞ ይኸው፣ እዚህ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። እባክዎትን ስድስት እርምጃ ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እጅግ አዘኑ። እኒህን የመሰለ ሩኅሩኅ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ ወዲያው ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ለታችኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ ኮሚቴው ሥራውን እስኪያጠናቅቅ እስከ መጪው ሰኞ ድረስ ወሊዶችን በፕሮግራም እንዲያስተናግድ በጥብቅ ያሳስባል።

«ምጥ በፕሮግራም?» አለ ጋሼ ዝግታ።

«እኛንስ ያስቸገረን እቅድ የሌለው ምጥ አይደል?» አለ ሰብሳቢው።

ደብዳቤው ሦስት ማኅተም ተመትቶበት ሄደ። የሄደው በሞተር ብስክሌት ነው፤ ሞተር ብስክሌቱ የሚቆመው ሜዳ ላይ ነበርና ሳያስቸግር ተነሣ።

ረቡዕ የማጠቃለያው ቀን ሆነ። ስብሰባው የተከበረ ስለነበር ስልኮች በሙሉ ተዘጉ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ለሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ አንሾካሾከች፤ ጸሐፊዋም ወደ ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ አለች።

«ባለቤትዎ በቢሮው ስልክ ይፈልጉዎታል። አስቸኳይ ነው ይላሉ።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው በያት።»

«ነግረናቸዋል። አራተኛቸው ነው።»

«አምስተኛም ቢሆን መልሱ ያው ነው» አሉና በቆራጥነታቸው ራሳቸው ተደነቁ።

የውሳኔ ሐሳቡ ተነበበ። ቦቴዋ በማትነሣ ተሽከርካሪነት ተመዝግባ፣ ከመድረኩ ሳትወርድ፣ ለትውልድ መማሪያ በክብር ባለችበት ትቆይ የሚል ነው። ፊርማ ከመፈረሙ በፊት አለመነሣቷ ለመጨረሻ ጊዜ በአካል እንዲረጋገጥ ጋሼ ዝግታ ታዘዘ። ባትሪው የቀረው ምናልባት አንድ ትንፋሽ ነው። ቁልፉን ይዞ ጎማዋ አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ ኮሚቴው ያላሰበው የሱ አሮጌ ስልክ ጮኸ።

«አባዬ» አለች ልጁ። ድምጿ ሌላ ሆኗል። «ሁለት ባልዲ ቀርቶኛል። አንዲት ልጅ በምጥ ላይ ናት፣ ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣባት፣ አስቸጋሪ ነው። እጄን የምታጠብበት እንኳ እየሰሰትኩ ነው።»

«ወደ ሌላ ቦታ ቢወስዷትስ?»

«ጊዜ የለም። ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል፤ ለሷም አነበብኩላት።»

«ምን አለች?»

«ያለችውን ለአባቴ አልደግምም» አለችና ዘጋች።

ጋሼ ዝግታ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ፈራ። ጡረታው ታየው፣ የሃያ ስድስት ዓመት ንጹሕ ማኅደሩ ታየው። ከዚያ ግን የልጁ እጆች ታዩት። ጎንበስ አለና ከፊት ጎማ ሥር አንዱን ታኮ አወጣ። ዞሮ ከኋላም አወጣ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«ለመጨረሻው ማረጋገጫ እያዘጋጀኋት ነው።»

«ጥሩ ተነሣሽነት ነው። ይጻፍ።»

ጋቢና ወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ በመስኮት ብቅ አለ። «ክቡራን፣ እባካችሁ ከኋላዋ ገለል በሉ!» አለና የእጅ ፍሬኗን ጥርስ በጥርስ መልቀቅ ጀመረ።

ስምንት ሺህ ሊትር ውሃና አንዲት አሮጊት መኪና ቀስ ብለው ወደ ኋላ መጡ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ በሐሳብ ሳይከፋፈል፣ ያለ ድምፅ ቆጠራ፣ በአንድነት ወደ ኋላ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሰብሳቢው ወንበር እየዘለለ «አንቀጽ አራት! አንቀጽ አራት!» ይላል። ጸሐፊዋ መዝገቧን ታቅፋ ሮጠች። በአቋሙ ጸንቶ የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነው፤ እሱም ተሰበረ።

ሜዳው ላይ ስትደርስ በፍሬን ያዛት። ወረደ፣ ኮፈኗን ከፈተ፣ ፊልትሮዋ ራስ ላይ ያለችውን ብሎን በመፍቻ ላላ አደረገና የእጅ ፓምፑን በአውራ ጣቱ ይጫን ጀመር። መጀመሪያ አየር ብቻ ተነፈሰች። ከዚያ አረፋ። አሁንም ይጫናል፤ አረፋው ቀጠነ፣ ተቆራረጠ፣ በመጨረሻም ናፍጣ ያለ አንዲት እንክብል አየር ጥርት ብሎ ፈሰሰ። ብሎኑን አጠበቀ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የከለከለው የለም፤ ኮሚቴው ስለ ሁኔታው ሊወስን ፈልጎ ነበር፣ ነገር ግን ጠረጴዛ አልነበረውም።

ቁልፉን አዞረ። ግር… ግር… አለች፣ እንደ ደከመው ሰው። «አክስቴ፣ ስለ ልጄ ብለሽ» አላት። ግ… ር… አንድ ጊዜ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ሁለመናዋ ተንቀጠቀጠና ያዘች። ጋሼ ዝግታ መሪውን ጠምዝዞ በጓሮው አሮጌ በር ወጣ። ያን ዕለት ቁልቁለቱን ሲወርድ ያዩት ሰዎች ስድሳ ሳይደርስ አልቀረም ብለው ይምላሉ፤ እሱ እስከ ዛሬ ይክዳል።

ጤና ጣቢያው ደርሶ ቱቦውን በርሜሉ ላይ አስገብቶ ከፈተው። ሞተሩን አላጠፋም፤ ባትሪው ሁለተኛ ዕድል አይሰጠውም። አራተኛውን በርሜል ሲጀምር የሥራ አስኪያጁ መኪና አቧራ እያስነሣች ደረሰች። ሥራ አስኪያጁ፣ የእቅድ ባለሙያውና ጸሐፊዋ ወረዱ፤ ሥራ አስኪያጁ ገና ቀለሙ ያልደረቀ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘዋል።

«ይህች ተሽከርካሪ» አሉ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኹ፣ «በኮሚቴ ውሳኔ የማትነሣ ናት!»

«አዎ ጌታዬ!» አለ ጋሼ ዝግታ እሱም እየጮኸ። «የማትነሣ ናት!»

«ታዲያ ይህ ምን ድምፅ ነው?»

«እሱን ኮሚቴው ያጣራው!»

የማዋለጃው ክፍል በር ተከፈተና የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ወጡ። ጸጉራቸው ተበታትኗል፣ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል።

«አንተ ሰው! ስልክህን ምን ዋጠው? ልጅህ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ስትጮህ!»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው ከእጃቸው ወደቀ። ውሃው ላይ ነው የወደቀው፤ ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ። እየሮጡ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሼ ዝግታ ቱቦውን እንደያዘ እስከ በሩ ቀረበ፤ ልጁን አያት። እጇን በባልዲ ሳይሆን በሙሉ ሳፋ ውሃ እየታጠበች ነበር፤ ቀና ብላ አይታው ፈገግ አለች። የሃያ ስድስት ዓመቱን ደሞዝ ያን ጊዜ የተቀበለ መሰለው።

አራሷ ደህና ናት፤ አባቷን ስታይ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን አያትየው ተቀበሉ። እንባቸው ወረደ፣ ከልብ ነው የወረደው።

«ወንድ ነው» አለች አዋላጇ። «አስጨንቆን ነበር። በእግሩ ነው የመጣው።»

«በእግሩ ማለት?»

«ወደ ኋላ ነዋ ጌታዬ። እግሩ ቀደመ፣ ጭንቅላቱ ተከተለ። ውሃው ባይደርስልኝ ምን ይውጠኝ ነበር! ዋናው ግን በሰላም መድረሱ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሕፃኑን አዩ። በመስኮቱ በኩል እየተንቀጠቀጠች የቆመችውን ቦቴ አዩ። እንደገና ሕፃኑን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም፤ በሥራ ዘመናቸው ንግግር ሲያጡ ያ የመጀመሪያው ነው። ጋሼ ዝግታም በሩ ላይ ሆኖ፣ እፎይ፣ እኚህ ሰው ዛሬ አንድ ነገር ገባቸው አለ በልቡ።

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ።

«ይጻፍ» አሉ። «ሕፃኑ በግንባሩ መጣ። ቦቴዋም ነገ ጠዋት ወደ ከፍታዋ ትመለስ።»

እዚያው ቆመው ድምፅ ሰጡና ውሳኔው ጸደቀ። በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ የተቃወመው ሕፃኑ ብቻ ነበር፤ እሱም አባል ስላልሆነ አልተመዘገበለትም።